አዲስ ክትፎ ቤት ፍለጋ

ፋሲካ በዋለ በሳምንቱ ቅዳሜ ከአባቴ ጋር ወደ ክትፎ ቤታችን ሄድን። 55 ቀን ጾመናል፤ ሳምንቱን ሙሉ ደግሞ የተረፈ ዶሮ ወጥ ስንጨርስ ከርመናል። ራጉኤልን አልፈን፣ "ዞር በል! ዞር በል!" እያሉ የሚመጡትን ተሸካሚዎች እየሸሸን፣ ወደ ቅያሱ ስንታጠፍ ቤቱ የለም። "ተዘግቷል" የሚል ወረቀት በር ላይ ተለጥፎ ቢሆን አንድ ነገር ነው። በሩ ራሱ የለም። የቆርቆሮ አጥር ነው ያለው፤ ከአጥሩ ጀርባ አንድ ኤክስካቫተር አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። አጠገቡ ሎተሪ የሚያዞር ልጅ "ሕንፃ ሊሠራበት ነው" አለን። ሰዎቹስ የት ሄዱ? ትከሻውን ሰበቀ።

አባቴ ስልኩን አወጣ። ስሞቹን ወደ ላይ ወደ ታች ሲያደርግ ቆየና መልሶ ኪሱ ከተተው። የእትዬ ቁጥር የለውም። (ባለቤቲቱን ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው፤ እውነተኛ ስማቸውን እስከዛሬ አላውቀውም።) እኔ አሁን 28 ዓመቴ ነው፤ መጀመሪያ እዚያ ቤት ይዞኝ የሄደው የ5 ዓመት ልጅ ሆኜ ነው። በ23 ዓመት ውስጥ አንድም ቀን መደወል አላስፈለገውም። ለምን ይደውላል? ቅዳሜ ሲሄድ አሉ።

"አባዬ፣ አታስብ" አልኩት። "ሌላ እንፈልጋለን።"

"ይፈለጋል እንዴ?" አለኝ።

አማርኛ ላይ መፈለግ ሁለት ነገር ነው፤ ማሰስም ነው፣ መሻትም ነው። የትኛውን እንደጠየቀኝ ያን ቀን አላሰብኩበትም። የሰማሁት የመጀመሪያውን ነው፤ ምክንያቱም እሱ ለኔ ቀላሉ ነው።

ሥራዬ ሶፍትዌር መሥራት ነው። ያለፉትን ሁለት ዓመታት ከምግብ ቤት ወደ ቤት ምግብ የሚያደርስ መተግበሪያ ላይ ነበርኩ፤ የያዝኩት ክፍል ደግሞ ኮከቡን ነው። አዎ፣ ገና የመጀመሪያውን ጉርሻ ሳትውጡ "ስንት ኮከብ ይሰጣሉ?" እያለ የሚያስቸግራችሁ እሱ። ስለዚህ ማታውኑ ላፕቶፔን ከፍቼ ሠንጠረዥ ሠራሁ። መርካቶ ውስጥና ዙሪያዋን፣ ከአውቶቡስ ተራ እስከ ሰባተኛ፣ ሰዎች ያወሩልኝን 20 ቤቶች አንድ በአንድ ጻፍኩ። ሥጋው፣ ቅቤው፣ ሚጥሚጣው፣ ቆጮው፣ አይቡ፣ ዋጋው፣ ምን ያህል ደቂቃ እንደሚያስጠብቁ። ወቅቱም ተመችቶኛል፤ ሃምሳው ስለሆነ ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። ለናሙና መሰብሰቢያ ከዚህ የተሻለ ጊዜ በዓመት ውስጥ አይገኝም።

በእኛ ሙያ ይህ የታወቀ ጥያቄ ነው። የምታውቀው ጥሩ ነገር አለ፤ የማታውቀው ደግሞ ከሱ ሊበልጥ ይችላል። ምን ያህል ትሞክራለህ? መቼ ታቆማለህ? ለዚህ አንድ ቆንጆ ቀመር አለ፦ ከፊትህ ካሉት አማራጮች የመጀመሪያዎቹን 37 በመቶ ማንንም ሳትመርጥ ዝም ብለህ እያቸው፤ ከዚያ በኋላ ከእነዚያ ሁሉ የሚበልጥ የመጀመሪያውን ያገኘኸውን ያዝና ፍለጋህን አቁም። ለ20 ቤት ሲሰላ 7 ገደማ ነው። ቀመሩ አንድ ነገር ታሳቢ ያደርጋል፤ ያለፍከው አማራጭ ተመልሶ አይገኝም። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ "ምግብ ቤት እኮ ተመልሰህ ትሄዳለህ፣ ይሄ ለኑሮ አይሆንም" ብዬ የተከራከርኩበት ነጥብ ነው። ቆርቆሮውን ካየሁ በኋላ ክርክሬን ትቼዋለሁ።

ሌላም አለ። ፊዚክሰኛው ሪቻርድ ፋይንማን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ከጓደኛው ከራልፍ ሌይተን ጋር ምሳ ላይ ተቀምጠው፣ ሌይተን የሚወደውን ምግብ ይዘዝ ወይስ አዲስ ይሞክር እያለ ሲያመነታ፣ ፋይንማን ነገሩን ወደ ሒሳብ ቀየረው። ስሌቱ ረዘም ይላል፤ ፍሬ ነገሩ ግን አጭር ነው። መልሱ የሚወሰነው ስንት ምሳ እንደቀረህ ነው። ብዙ ከቀረህ ሞክር፤ ጥቂት ከቀረህ እስካሁን ካገኘኸው ምርጡን ብላ።

አባቴ 67 ዓመቱ ነው። ግፊት ስላለበት ሐኪሙ ክትፎን በወር ከሁለት ጊዜ በላይ እንዳይበላ ነግሮታል። ከዚያ ላይ ዐቢይ ጾምን ቀንሱ፣ ነቢያትን ቀንሱ፣ የፍልሰታን 15 ቀን ቀንሱ፣ እህቴ የምትቆጣበትን ቀንሱ። በዓመት 15 ቢደርስ ነው። 15 ሲባዛ በ... ስሌቱን ራሴ ጀምሬ ራሴው ላፕቶፑን ዘጋሁት። ሒሳቡ ለሱ ሰው የሚለው ግልጽ ነው፤ አትሞክር፣ ወደምትወደው ሂድ ነው የሚለው። የምትወደው በቆርቆሮ ሲታጠርስ? ለዚህ ቀመር የለውም።

ፍለጋው ግን ጀመረ። ብቻዬን።

መጀመሪያ የገባኝ ነገር የምለካው ከማይለካው በጣም ያነሰ መሆኑ ነው። ክትፎ ጥሬ ነው። ለብ ለብ ያለውም ቢሆን ያው ጥሬ ነው፣ ልቡን ለማሳረፍ ለሚፈልግ ሰው ነው። ጅማት የሌለው ቀይ ሥጋ ይመረጣል፤ በቢላ ይከተፋል ወይም፣ ቤቱ ከቸኮለ፣ በማሽን ይፈጫል፤ ከዚያ በኮረሪማና በኮሰረት የተነጠረ ቅቤና ሚጥሚጣ ገብቶበት በሞቀ ጣባ ይቀርባል። ጣባው ፊትህ ሲደርስ ሁሉም ነገር አልቋል። ሥጋው ዛሬ ጠዋት የታረደ ይሁን ትናንት፣ ቢላው ታጥቦ ይሁን ሳይታጠብ፣ ቅቤው ንጹሕ ይሁን የተደባለቀ፣ አንተ የምታየው የለም። ሚጥሚጣው ብዙ ነገር ይሸፍናል። ዶሮ ወጥ ላይ እሳቱ ቢያንስ ግማሹን ኃላፊነት ይወስዳል። ክትፎ ላይ እሳት የለም። ያለው የሰውየው ሕሊና ነው።

በዚያው ሰሞን አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ልደቷን ልታከብር ቦሌ ሱሺ ጋበዘችን። ልጅቷ ክትፎ ሲመጣ "የኔ ይብሰልልኝ" ባይ ናት፤ በደንብ ነው የምታስበስለው፣ ጥብስ እስኪሆን። እዚያ ግን ባሕር በሌለው አገር ተቀምጣ ጥሬ ሳልሞን በሩዝ ላይ ተጋድሞ ሲመጣላት ዓይኗን አላሸችም። "ይሄንን እንዴት አመንሽው?" አልኳት። "በረዶ ውስጥ የቆየ ነው" አለችኝ። እውነቷን ነው። የአሜሪካ የምግብ ቁጥጥር መመሪያ ጥሬ የሚበላ ዓሣ ከዜሮ በታች በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ7 ቀን እንዲቆይ ያዛል፤ በውስጡ ያሉት ጥገኛ ትሎች እንዲሞቱ። እሷ ያመነችው ዓሣውን የቆረጠውን ሰው አይደለም፤ ቴርሞሜትሩን ነው።

የእኛ ሰው ቴርሞሜትር ከመምጣቱ በፊት ለጥሬ ሥጋ የከፈለው ዋጋ ኮሶ ነው። ትሉም ኮሶ፣ የሚያስወጣው ዛፍም ኮሶ፤ አያቶቻችን አበባውን ወቅጠው በየሁለት ወሩ ገደማ ይጠጡት ነበር፣ ምሬቱን እያወቁ። ዛሬ የቄራ ሐኪም አይቶ ማህተም ያደርግበታል። ማህተሙ ግን ሥጋው ላይ ነው እንጂ ከሥጋው እስከ ጣባው ባለው መንገድ ላይ አይደለም።

ሱሺ ራሱ ቢሆን ሁልጊዜ የቴርሞሜትር ጉዳይ አይደለም። ጃፓኖች ኦማካሴ የሚሉት ነገር አላቸው፤ ምርጫውን ለአንተ ትቻለሁ እንደማለት ነው። ዝርዝር አታይም፣ አታዝም፤ ሰውየው ያለውን ይሰጥሃል። ቶኪዮ ጊንዛ ውስጥ፣ ምድር ቤት ያለች 10 መቀመጫ ብቻ ያላት የጂሮ ኦኖ ሱሺ ቤት በዚህ ነው የታወቀችው። እ.ኤ.አ. በ2011 ዘጋቢ ፊልም ተሠርቶላታል፤ ከሚሽላን ሦስት ኮከብ ነበራት። በ2019 ግን ሚሽላን ከዝርዝሩ አወጣት። ዓሣው ስለተበላሸ አይደለም። ማንኛውም ሰው ደውሎ ወንበር መያዝ ስለማይችል ነው። ይህን ሳነብ እንደ ኮከብ ሠሪ ቆም አልኩ። ኮከብ የሚሰጠው ለማንም እንግዳ ክፍት ለሆነ ነገር ነው። ከሚተዋወቁ ሰዎች መካከል ለሚሆነው ነገር ኮከብ የለም፤ ሊኖርም አይችልም።

በነገራችን ላይ ኮከቡ የማን ነው የሚለውም ጥያቄ አለ። ሠንጠረዡን ያስተካከለልኝ ሙስሊም ጓደኛዬ ከ20ዎቹ ቤቶች ከአብዛኞቹ መብላት አይችልም። መርካቶ ውስጥ ራጉኤልና አንዋር መስጊድ ብዙም ሳይራራቁ ይኖራሉ፣ ጨርቁም ጫማውም ለሁሉም አንድ ነው፤ ሥጋው ግን ሁለት ነው። "4.3 ኮከብ" ስንል የማን አፍ አማካይ ነው? ጓደኛዬ ሳቀና "የኔን ባዶ አድርገው" አለኝ። ባዶ ሕዋስ በእኛ ቋንቋ ብዙ ስህተት የሚመጣበት ቦታ ነው።

ወደ መርካቶ ልመለስ። ሰፈሩ እንዲህ የሆነው ጣሊያን በያዘን ዘመን ነው፤ አራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ የነበረውን የአገሬውን ሰው ገበያ ወደ ምዕራብ ገፉትና ስሙንም በቋንቋቸው ገበያ አሉት። ስሙ እነሱ ከሄዱ በኋላም ቀረ። አሠራሩ ግን የራሱ ነው። ሁሉም በተራ ነው፤ ሸማ ተራ፣ በርበሬ ተራ፣ ጭድ ተራ፣ አሮጌ ዕቃ ከፈለጋችሁ ምን አለሽ ተራ። አንድ ዓይነት ዕቃ የሚሸጡ መቶ ሰዎች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ለኔ ዓይነት ሰው ገነት ነው፤ አማራጮቹ ሁሉ አንድ ቦታ ተደርድረው፣ መቶ እርምጃ ተራምደህ መቶ ዋጋ ትጠይቃለህ። ማንም ግን እንዲህ አያደርግም። አባቴ ሸማ ተራ 30 ዓመት ነግዷል፤ ክር የሚገዛው ከአንድ ሰው ነው፣ ያ ሰው ሲሞት ከልጁ ነው።

ለረጅም ጊዜ ይህንን ስንፍና ብዬ ነበር የምረዳው። በኋላ ክሊፎርድ ጊርትዝ የሚባል አሜሪካዊ አንትሮፖሎጂስት እ.ኤ.አ. በ1978 የጻፈውን አነበብኩ። ሞሮኮ ውስጥ ሰፍሩ በምትባል ከተማ ገበያ ቁጭ ብሎ ያጠና ሰው ነው። የሚለው በአጭሩ ይኸው ነው፦ እንዲህ ባለ ገበያ ውስጥ የጎደለው ዕቃ አይደለም፣ መረጃ ነው። ጥራቱ አይታወቅም፣ ዋጋው አልተጻፈም፣ ሁሉም አንድ ነገር ይደብቃል። በእንዲህ ያለ ቦታ መቶ ሰው መጠየቅ ብዙ አያስተምርህም፤ አንዱን ሰው አጥብቀህ መያዝና ደጋግመህ መመለስ ነው የሚያዋጣው። ደንበኝነት የፍለጋ እጦት ሳይሆን ራሱ የፍለጋ ዘዴ ነው ማለቱ ነው።

ይህ ደስ አሰኝቶኝ ለአባቴ ነገርኩት። ሰምቶኝ ሲጨርስ "ፈረንጁ ለዚህ ሞሮኮ ድረስ ሄደ?" አለ።

ቃሉን ግን አስቡት። ደንበኛ። ሻጩ ገዢውን "ደንበኛዬ" ይለዋል፤ ገዢውም ሻጩን "ደንበኛዬ" ይለዋል። ሁለቱም አንድ ስም ነው ያላቸው። እኔ በምጽፈው ኮድ ውስጥ ግን "ተጠቃሚ" አለ፣ "አቅራቢ" አለ፤ ሁለት የተለያዩ ሠንጠረዦች ናቸው፣ አንዱ ለሌላው ኮከብ ይሰጣል። ደንበኛ የሚለው ቃል ውስጥ ደንብ አለ። ደንበኛ ክትፎ ስትል እውነተኛ፣ ወጉን የጠበቀ ክትፎ ማለትህ ነው። እና ደንበኛ ሰው ለመሆንም ሆነ ደንበኛ ለመሆን፣ ከደንብ ውስጥ መግባት አለብህ፤ ከውጭ ሆነህ የምትመርጠው ነገር አይደለም።

እዚህ ላይ ስለ እትዬ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ እኔም የሰማሁት በዚሁ ፍለጋ መሃል ነው። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ማታ ሸማ ተራ ሲቃጠል የአባቴ ሱቅ ከእሳቱ ወዲህ ስለነበር ተርፏል። እኛ ቤት "እግዚአብሔር ይመስገን" ተባለ፣ በቃ። እኔ ያላወቅኩት፣ አባቴ በዱቤ ዕቃ የሰጣቸው ሰዎች ሱቅ ከተቃጠሉት መካከል መሆኑን ነው። ሱቃቸው ከነደደ ሰው ላይ ገንዘብ አይጠየቅም። እሱም አልጠየቀም፤ ለእኛም አልተናገረም። ክትፎ ቤት መሄዱን ዝም ብሎ ተወ። በሁለተኛው ቅዳሜ እትዬ የምታስተናግደውን ልጅ ሱቅ ድረስ ላኩ፤ "ምን አጠፋን?" በሉት ብለው። ሄደ። እስከ ገና ጾም መግቢያ ድረስ በየቅዳሜው በላ፣ አልከፈለም። እትዬ በደብተር ይጻፉት አይጻፉት ዛሬም አያውቅም። ታኅሣሥ ላይ እጁ ሲፈታ የመሰለውን ያህል ገንዘብ ይዞ ሄዶ ሰጣቸው፤ ሳይቆጥሩ ተቀበሉት።

ይህ ለየትኛው አምድ ነው የሚገባው? "አገልግሎት" ልበለው?

ግን ቆይ፤ እንዲህ እያልኩ ተረት ላደርገው አልፈልግም። ደንበኝነት ሌላ ፊት አለው፣ እሱንም ልጅ ሆኜ አይቻለሁ። እትዬ ቤት ለደንበኛ የሚመጣው ሥጋና ለአላፊ የሚመጣው አንድ አልነበረም። አባቴ ሲገባ ጓዳ ነበር የሚጠራው። በሩ አጠገብ የተቀመጠው፣ ትናንት ከገጠር መጥቶ ጆንያ ሲሸከም የዋለው ልጅ ግን ዕድሉ ያመጣለትን ይበላል፤ ዋጋው ያው ነው። ኪዮቶ ውስጥም ያለ አስተዋዋቂ የመጣን እንግዳ ጭራሽ የማያስገቡ አሮጌ ቤቶች አሉ ይባላል፣ ቢያንስ እነሱ በግልጽ ነው። ለአንዱ የሚደረግ ታማኝነት ለሌላው የሚደረግ መድሎ ነው። ኮከቡን ስሠራ አምኜበት የሠራሁት ለዚህ ነው። ማንም የማያውቀው ሰው፣ አገር ቤት ዘመድ የሌለው፣ ስሙን ማንም የማይጠራው፣ ስልኩን ከፍቶ ጥሩ ምግብ በትክክለኛ ዋጋ ያግኝ ነው። አሁንም አምንበታለሁ። ኮከብ የእንግዳ ፍትሕ ነው።

ችግሩ ኮከብ እንግድነትህን አያስለቅቅህም። መቶ ጊዜ ብታዝ መቶ አንደኛው ላይም እንግዳ ነህ። ማንም ልጅ ልኮ "ምን አጠፋን?" አይልህም፤ ቢበዛ የ10 በመቶ ቅናሽ መልእክት ይልክልሃል፣ ያንን ደግሞ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሁለቱን የሚያስታርቅ ነገር ቢኖር ደስ ይለኝ ነበር። ሥርዓቱ ለሁሉም እኩል ሆኖ ሰው ደግሞ ሰውን ያውቅ። እስካሁን አላገኘሁትም፤ በኮድ እንደማይመጣ ግን እየጠረጠርኩ ነው።

ፍለጋው በአምስት ሳምንት አለቀ። ደንቡን አከበርኩ፤ የመጀመሪያዎቹን 7 ቤቶች ዝም ብዬ አየሁ፣ ስምንተኛው ከእነሱ አልበለጠም፣ ዘጠነኛው በለጠ። በጣም ነው የበለጠው። ሥጋው በቢላ ነው የሚከተፈው፣ ቅቤው ገና ከበር ይሸታል፣ ቆጮው ስስና ለስላሳ ነው። ከዚያ አንድ መጥፎ ሐሳብ መጣብኝና የእትዬንም ቤት በትዝታ፣ በቅንነት፣ ሞላሁት። ሥጋቸው ጥሩ ነበር። ቅቤያቸው አንዳንዴ ጨው ይበዛበታል። ቆጮው ሰኞ ከሆነ ይደርቃል። ከ10 ቤቶች 5ኛ ወጡ።

23 ዓመት 5ኛ የወጣ ክትፎ ስንበላ ነበር ማለት ነው። መጀመሪያ ሳቅኩ፤ ከዚያ ግን ነገሩ ያን ሌሊት እንቅልፍ ነሳኝ። አንድን ነገር የምንወደው ባለው ባሕርይ ከሆነ፣ በዚያው ባሕርይ የሚበልጥ ሲመጣ መቀየር አለብን። ካልቀየርን ወይ አላዋቂ ነን ወይ ግትር። ሮበርት ኖዚክ የሚባለው ፈላስፋ እ.ኤ.አ. በ1989 ባወጣው መጽሐፍ ስለ ፍቅር ሲጽፍ ይህን አንስቶታል፤ የሚያፈቅር ሰው "በእነዚሁ ባሕርያት የሚበልጥ ካገኘሁ ልለውጥ" የሚል ሐሳብ ውስጡ የለም፣ ሐሳቡ ካለ ነገሩ ሌላ ነው ይላል። እሱ የሚያወራው ስለ ሰው ነው። ስለ ክትፎ ቤት እንዲህ ማለት ይበዛል? እኔ በ5 ዓመት ሦስት መሥሪያ ቤት ቀይሬያለሁ፣ በእያንዳንዱ ደሞዜ ጨምሯል፣ አንዱንም አላዘንኩበትም። ስለዚህ ሁሉ ነገር ላይ ታማኝ ሁኑ የምል ሰው አይደለሁም። የማወቅ ፍላጎቴ ሌላ ነበር፤ አባቴ የሚፈልገው የትኛውን ነው የሚለው።

ይዤው ሄድኩ። ዘጠነኛው ቤት። ዝም ብሎ በላ። ጣባውን ጨርሶ እጁን ታጠበና "ጥሩ ነው። በጣም ጥሩ ነው" አለ። ቀጣዩ ቅዳሜ "እንሂድ?" ስለው እሱ ሱቅ ሥራ አለበት። ከዚያ ቀጥሎ ያለውም ቅዳሜ ሥራ አለበት።

"አባዬ፣ ምኑ ነው ያልተመቸህ?"

"ሁሉም ተመችቶኛል።"

"እና?"

"ሰውየው አያውቀኝማ።"

"ይወቅሃ! ስትመላለስ ያውቅሃል።"

"እሱን ነው የምልህ" አለ። "ስንት ዓመት ይፈጅበታል?"

የፋይንማንን ስሌት ማንም አላስተማረውም።

ከዚያ መሳቢያውን ከፈተና አንድ ፖስታ አሳየኝ። የቅበላ ዕለት ቤቱ ጢም ብሎ ነበር፤ እኔ በቴሌብር ልከፍል ስል ኔትወርክ የለም፣ ሁለታችንም ጥሬ ገንዘብ አልያዝንም። እትዬ "ሂዱ፣ ለፋሲካ" ብለው በእጃቸው ገፉን። ረስቼዋለሁ፤ በእውነት ረስቼዋለሁ። ፖስታው ውስጥ ያለው እሱ ነው። አባቴ ለሎተሪው ልጅ፣ ለጥበቃው፣ ድሮ ሥጋ ያቀርብላቸው ለነበረው ሰው ሁሉ እየዞረ ጠይቋል። አንዱ አየር ጤና ልጃቸው ጋ ናቸው ብሎታል፤ ሌላው አገራቸው ገብተዋል። እኔ ያን ሁሉ ሳምንት ክትፎ ስፈልግ እሱ ሰው ነበር የሚፈልገው።

"ቁጥራቸውን ባገኘው በአንድ ደቂቃ እልክላቸው ነበር" አልኩ።

"ልከህ ልትጨርሰው" አለ። ቁጣ አልነበረበትም።

ሰኔ ላይ ራሱ "እንሂድ" አለኝ። ወደ ዘጠነኛው ቤት። በላን። ሒሳብ መጣ፤ ባለቤቱ ራሱ ነው ያመጣው፣ አርባዎቹ ውስጥ ያለ ሽርጥ ያሰረ ሰው። ስልኬን አውጥቼ ኮዱን ላነሳ ስል አባቴ ከጠረጴዛው ሥር ጉልበቴን ያዝ አደረገው። ኪሱ ውስጥ ገንዘብ እንዳለ አውቃለሁ፤ ከሱቅ ስንወጣ ሲቆጥረው አይቻለሁ።

"የኔ ወንድም" አለው ሰውየውን፣ "ዛሬ ግማሹን ልስጥህና ቀሪውን ለቅዳሜ ባደርገው ምን ይመስልሃል? ሸማ ተራ ነው ያለሁት።"

ሰውየው መጀመሪያ አባቴን አየ። ከዚያ እኔን አየኝ፣ በእጄ የያዝኩትን ስልክ አየው፤ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ በፊቱ ደፋሁት። ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ ወደ መደርደሪያው ሄዶ ጥጉ የተጠቀለለ የተማሪ ደብተር ይዞ ተመለሰና እስክሪብቶውን ከጆሮው ላይ አወረደ።

"ማን ልበል፣ ጋሼ?"